ወሎን በረሃብ ብቻ ለሚያውቋት፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የአንድ ቀን ማዕድ

ነገሩ የጀመረው በፎቶ ነው። ጣሊያን የሚኖር አንድ የሰፈራችን ልጅ ቅዳሜውን እንዴት እንዳሳለፈ የሚያሳዩ ፎቶዎች ላከልን። ሊጉሪያ በሚባለው የሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ቺንኩዌ ቴሬ በሚሏቸው አምስት መንደሮች፣ ከአስጎብኚ ጋር ሲበላና ሲጠጣ ነው የዋለው። ጠዋት ፎካቻ የሚሉት በወይራ ዘይት የራሰ ዳቦ፣ ምሳ ላይ በጨው የተያዘ ትንንሽ ዓሣ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ከበቀለ ወይን የተጠመቀ ነጭ ወይን ጠጅ። ማታ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በቃ። ለዚህ የከፈለውን ዩሮ ወደ ብር መንዝረን ስናበቃ ለጥቂት ደቂቃ ዝም አልን።

ዝምታውን የሰበረው ጓደኛችን ግን ስለ ብሩ አላወራም። ከብርጭቆው ጀርባ ያለውን ተራራ እያጎላ አሳየን። ተራራው ከላይ እስከ ታች በድንጋይ ካብ እርከን ተሠርቶበታል። «ይኼማ የእኛ አገር እርከን ነው!» አለ። እውነቱን ነው። ባሕሩን ከፎቶው ላይ ብታነሡት የወሎ ተዳፋት ይመስላል።

ልዩነቱ ወዲህ ነው። እዚያ አስጎብኚው ወይኑን ከመቅዳቱ በፊት ስለ ካቡ ያወራል። ገበሬዎቹ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደሠሩት፣ ዩኔስኮም በ1997 እ.ኤ.አ. ቦታውን በዓለም ቅርስነት እንደመዘገበው ይተርካል። ጎብኚው የሚከፍለው ለወይኑ ብቻ አይደለም፤ ለወሬውም ነው። የእኛ እርከን ወሬ የለውም እንዴ? አለው እንጂ። በወሎ ተራሮች ላይ ከምናየው እርከን ብዙው የተሠራው ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ «ምግብ ለሥራ» በሚባለው ፕሮግራም ነው። ገበሬው ድንጋይ ይክባል፤ በምትኩ ስንዴና ዘይት ይሰፈርለታል። ይህን ታሪክ እርከኑ ሥር ቆሞ ለመንገደኛ የሚነግር ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። ወደ ላሊበላ የሚሄደው መኪና ደሴ ላይ ነዳጅ ይሞላል፣ ምሳ ይበላል፣ ያልፋል።

ስለዚህ ዛሬ የምንለውን በአጭሩ እንበለው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ በአስጎብኚ የሚመራ የአንድ ቀን የምግብ ጉዞ ይገባዋል። ጉዞውን መጀመር ያለብን እኛው፣ ለራሳችን ነው። ገንዘቡም ምግቡ ወደ በሰለበት ጓዳ መግባት አለበት። ሦስተኛዋን ነጥብ አደራ ያዙልን፤ ዋናዋ እሷ ናት።

«ወሎና የምግብ ጉብኝት? እያሾፋችሁ ነው?»

ይህን የሚለን ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም ለራሳችን ብለነዋል። ዓለም ወሎን ያወቃት በሆዷ ባዶነት ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እያፈራረቀ ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የአንድ አገር ታሪክ አንድ ወገን ሲበላ ሌላው ሲራብ በሚያሳይ ፊልም ታጅቦ ተለወጠ ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ አገር ላይ ቆሞ «ኑ፣ እየዞራችሁ ብሉ» ማለት አያስፈራም?

ያስፈራል። ግን አንድ ነገር ጨምረን እንድናስብ የሚያስገድደን መጽሐፍ አለ። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ መርምሯል። ያገኘው ነገር እኛን የደሴ ልጆች ዛሬም ያስደነግጠናል። በዚያ ክፉ ጊዜ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ የዚያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። ለምን? የወሎ ገበሬ ምርቱ ሲጠፋ የሚሸጠውም የሚገዛበትም አብሮ ጠፋበት። ገዢ የሌለበት ገበያ ደግሞ እህል አይጠራም። ሰው በአስፋልቱ ዳር ሲወድቅ እህሉ በዚያው አስፋልት ላይ ያልፍ ነበር።

ያ አስፋልት ይኸው ዛሬ የምናወራለት መንገድ ነው። በቅርቡም አይተነዋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ ተመልሰው የተያዙት በኅዳር መጨረሻ ነው። በዚያ መሐል የኮምቦልቻ የእርዳታ እህል መጋዘኖች ተዘረፉ፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራምም በሁለቱ ከተሞች የሚያካሂደውን ሥርጭት አቋረጠ። መጋዘን ይሞላል፣ መጋዘን ይዘረፋል። በሰው እጅ ያለ ገቢ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሴን የተማርነው ይህንን ነው፤ ከረሃብ የሚያድነው እህል በአገር መኖሩ ብቻ ሳይሆን እናቶቻችን እጅ ላይ መግዣ መኖሩ ነው። የምግብ ጉዞ ለባለጊዜ ቅንጦት ሊሆን ይችላል። በትክክል ከተሠራ ግን እንጀራ ጋግራ ለምታድር ሴት መግዣ ይሆናል። ጥያቄው በትክክል ይሠራል ወይ ነው።

ሞከርነው

ከማውራት ብለን አንድ ቅዳሜ ሰባት ሆነን ወጣን። በሃይማኖት አራት ለሦስት ነን፤ አራቱ የትኞቹ እንደሆኑ አንናገርም። ገንዘብ አዋጣን፣ አንድ ሚኒባስ ለቀኑ ተኮናተርን፣ አንድ ሕግም አወጣን፤ ወሬ ያልተነገረለት ምግብ አይበላም።

የጀመርነው ከደሴ ፒያሳ ነው። ማኪያቶና ፉርኖ ዳቦ። ወሬውን የነገረን ከመካከላችን የታሪክ ተማሪ የነበረው ነው። ጣሊያን ደሴን የያዘው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው፤ በ1933 ዓ.ም. ለቆ ወጣ። ማኪያቶው፣ ፉርኖው፣ ፓስታውና «ፒያሳ» የሚለው ስም ግን አብረውት አልወጡም። ጣሊያን ያለው ልጃችን በዩሮ ከሚገዛው ነገር እኩሌታው እኛ ዘንድ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። የመጣው ግን በጉብኝት ሳይሆን በቦምብና በመድፍ ነው። ይህንንም ቡናው ሳይቀዘቅዝ ተናገርነው።

ከዚያ ወደ አይጠየፍ ወጣን። አይጠየፍ ንጉሥ ሚካኤል ግብር የሚያበሉበት አዳራሽ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ እንደሚተረከው ደሀና ጌታ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይለይ ሁሉም ገብቶ የሚበላበት፣ ማንም የማይጠየፍበት ቤት። ንጉሡ ራሳቸው በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር። ያ ጉባኤ ለወሎ ሙስሊም የመከራ ጊዜ መጀመሪያ እንደነበር አንረሳም። ስለዚህ አይጠየፍን እንደ ተረት እንዲሁ አናሞካሸውም። የግብሩ እህል፣ ማርና ሰንጋ ከገበሬው ትከሻ የመጣ ነው። «አይጠየፍ» የተባለውም ለበላተኛው ነው፤ ጓዳ ያለችውን ወጥ ሠሪ ስንት ይገባሻል ብሎ የጠየቃት የለም። ይህችን ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

ቀጥሎ ቡና ነበር። ከመካከላችን የአንዱ ጎረቤት የሆኑ አንዲት እናት ቤት ገባን። ሳሩ ተጎዝጉዟል፣ አድሩሱ ይጤሳል፣ ቆሎው ቀርቧል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በወሎ ቡና ዝም ብሎ አይጠጣም፤ ሲኒው «ጀባ» ተብሎ ነው የሚሰጠው፤ ዱዓም አለው። እማማ ለአገር ሰላም፣ ለመንገደኛ፣ ለታመመ፣ ሥራ ላጣ ልጅ ሁሉ ዱዓ አደረጉ። ሰባታችንም፣ አራቱም ሦስቱም፣ «አሚን» አልን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። የባሕር ዳርቻው አስጎብኚ ቢመጣ ይህችን ሁለት ሰዓት በስንት እንደሚሸጣት አስቡት።

ስንወጣ ገንዘብ አወጣን። እማማ ተቆጡ።

«ምን ማለት ነው ይኼ? ቤቴ ለጠጣችሁት ቡና ልትከፍሉኝ ነው?»

«እማማ፣ ለሥራ ነው የመጣነው ብለን ነግረነዎት የለም እንዴ?»

«ለሥራ መጣችሁ እንጂ ለሆቴል መጣችሁ አላላችሁም! አስገቡት።»

ብዙ ተለማመጥን። በመጨረሻ «እንግዲያውስ ለከሰሉና ለስኳሩ ይሁን» ስንላቸው የብሩን ሲሦ ተቀብለው ሌላውን መልሰው ኪሳችን ውስጥ ከተቱት።

ቁልቁል

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መንገዱ በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጃኬት ወደ ካናቴራ ትሸጋገራላችሁ። ምግቡም ይሸጋገራል። ላይ ያለው ደጋ የገብስና የባቄላ አገር ነው፤ ታች ማሽላና ጤፍ ይመጣል። ሐረጎ ላይ መኪናውን አስቁመን ወርደን እርከኑን አየነው፤ ስለ ምግብ ለሥራ የሚያውቅ ያወቀውን ተናገረ። የአንዳችን አያት ድንጋይ ከካቡት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ይህን ለዓመታት አብረን ስንማር አልነገረንም። «ማን ጠየቀኝ?» አለ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ምሳ ሆኗል። ኮምቦልቻ የሥራ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን የተተከለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፣ ቢራ ፋብሪካ አላት፣ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። የሠራተኛ ከተማ ስለሆነች ምሳዋ ቶሎ ይቀርባል፣ በደንብም ይበላል። እዚህ ላይ ግን የማንኛውም የወሎ ጉዞ ፈተና መጣ፤ ሥጋው የማን ነው? በአገራችን የሙስሊም እርድና የክርስቲያን እርድ የተለያየ ነው፤ አብሮ አደግ ብንሆንም ሥጋ ላይ እንለያያለን። ወሎ ግን ለዚህ መላ ካገኘች ቆይታለች። ሠርግ የሚደግስ ሰው ለሌላው ወገን እንግዳ ለብቻው ያሳርዳል፣ ለብቻው ያሠራል። እኛም እንዲሁ አደረግን። ጥብሱን ከሁለት ቤት አስመጣን፣ ሁለት ጠረጴዛ አገጣጠምን፣ መሐል ላይ ሁላችንም የምንጎርሰው ሽሮ አስቀመጥን። የሽሮው ትሪ ቀድሞ አለቀ።

መጠጡስ? የሜዲትራኒያኑ ጉዞ ያለ ወይን ጠጅ ጉዞ አይባልም። እኛ ዘንድ በወይን ጠጅ የሚጀመር ጉዞ ገና ከመነሻው የከተማውን ብዙ ሰው ደጅ ያስቀራል። ደግነቱ አያቶቻችን ይህንንም አስበውበታል። ጠላ ለሚጠጣ ጠላ አለ፤ ለማይጠጣ ቀሪቦ አለ፣ ከተቆላ ገብስ የተሠራ፣ የማያሰክር። ጠጅ ለሚጠጣ ጠጅ፤ ለማይጠጣ ብርዝ፣ ያው ማርና ውኃ ሳይጠነሰስ። ለእያንዳንዱ የሚያሰክር መጠጥ አንድ የማያሰክር ወንድም ተዘጋጅቶለታል። በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሁለት ዓይነት ሰው መኖሩን ከመጀመሪያው ያሰበ ጓዳ ማለት ይህ ነው። እዚያው የተጠመቀ ቢራ የያዘውና ቀሪቦ የያዘው ብርጭቆ አጋጩ።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራማችን ተበላሸ። ከሰዓት በኋላ ከተማው በርጫ ላይ ይቀመጣል፤ ሹፌራችንም ጠፋ። ለአስጎብኚዎች ምክር፦ ቁምነገር ያለውን ሁሉ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጨርሱ።

ሒሳቡ

ማታ ደሴ ተመልሰን ሒሳብ ተሳሰብን። ያዋጣነው ገንዘብ ከማን ኪስ እንደገባ በወረቀት ጻፍነው። ትልቁን ድርሻ የወሰደው ሚኒባሱ ነው። ቀጥሎ ምግብ ቤቶቹ፣ ቀጥሎ መጠጡ። ከሁሉ ያነሰው የእማማ ነው፤ ከሰልና ስኳር። ከቀኑ ሁሉ የቱን አትረሱትም ብንባል ደግሞ ሰባታችንም የምንጠራው የእማማን ቡና ነው።

ያኔ ነው የገባን። የአይጠየፍ ጉድለት በእኛም ጉዞ ተደገመ። በላተኛውን ሳንጠየፍ ሰበሰብን፤ የሠራችውን ሴት ግን በምስጋናና በዱዓ ሸኘናት። እንግዳ ተቀባይነት የወሎ ክብር ነው፣ አይሸጥም ይሉናል። እንቀበላለን። ድንገት በራችሁን ላንኳኳ መንገደኛ ቡና በነፃ ነው፤ እንዲሁም ይቀጥል። ፕሮግራም ይዞ፣ ሰባት ሆኖ፣ አስጎብኚ ቀጥሮ የሚመጣ ሰው ግን መንገደኛ አይደለም፤ ደንበኛ ነው። ሚኒባሱ ሲከፈለው ክብሩ አልተነካም። አስጎብኚው ሲከፈለው አያፍርም። ታዲያ ክብር የሚነካው ለምን ቡና አፍዪዋ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው? እንደ እኛ እምነት እዚህ ላይ «ክብር» የምንለው የሴት ሥራን በነፃ የመውሰድ ልማዳችን ነው።

ስለዚህ ሐሳባችንን እናስቀምጥ። አንደኛ፣ ዋጋው አስቀድሞ ይነገር፣ አስቀድሞም ይከፈል። እንግዳው ሲኒ ይዞ፣ እማማ ፊታቸው ቆመው ክርክር አይደረግም። ሁለተኛ፣ ከቡናው ቤት የሚገባው ገንዘብ ከሚኒባሱ እንዳያንስ ከመነሻው ይታሰብ። ሦስተኛ፣ ሁለት ጓዳ አንድ ማዕድ፤ ጾሙም ረመዳኑም በፕሮግራሙ ይታይ፤ በረመዳን ጉዞው ማታ በሳምቡሳና በተምር ይጀመር። አራተኛ፣ እርከኑ ጋ ይቆም፣ የረሃቡም ወሬ ይነገር። የወሎን ማዕድ ስናሳይ የወሎን ረሃብ ከደበቅን እኛም ውሸታም እንሆናለን። አምስተኛ፣ ተፈናቃይ ወይም ለማኝ የጉብኝት ፎቶ አይሁን።

«ይህ ሁሉ ሰላም ሲኖር አይደለም ወይ?» ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ። የ2014ቱ ጦርነት፣ ከዚያም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር የገባበት ግጭት፣ የመንገደኛውን እግር ቆርጧል። ፈረንጅ የጫነ አውቶቡስ ሐረጎን ነገ ይወርዳል ብለን አንዋሽም። ለዚህም ነው በራሳችን እንጀምር ያልነው። የደሴ ልጅ ስንት ጊዜ ኮምቦልቻ ወርዶ የሌላውን ወገን ጓዳ ወሬ ጠይቆ ያውቃል? የአያቱን የእርከን ወሬ ለጓደኞቹ ያልነገረ ልጅ ከመካከላችን ከተገኘ እኛም ለገዛ አገራችን እንግዶች ነን። ሰላም ሲመጣ እንግዳ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚነግር ሰውና የተወሰነ ዋጋ ከሌለን ሌላ ሰው መጥቶ ይሸጥልናል፤ እማማም እንደገና ከሰልና ስኳር ይደርሳቸዋል።

በሚቀጥለው ወር ሁለተኛውን ቅዳሜ እንሞክራለን። በዚህ ጊዜ ወደ ሰሜን ወጥተን ከሐይቅ ዓሣ እንጀምርና ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እማማን ግን አስቀድመን ሄደን አነጋገርናቸው። ዋጋ ይንገሩን አልናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «እስቲ ከልጄ ጋር ልማከር» አሉ። በማግስቱ በልጃቸው በኩል ዋጋው ደረሰን። ከጠበቅነው ከፍ ያለ ነው።

እንከፍላለን።